የአናባቢዎች ታክሲ

አባቴ መናገር ካቃተው በኋላ መጀመሪያ ያደረገው ነገር በሩን ማስዘጋት ነበር። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሆስፒታል ወጥቶ፣ በሁለት ሰው ተደግፎ ደረጃውን እንደ ምንም ከወጣ በኋላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ የማስጠኛ ሰሌዳውን ጭኑ ላይ አስቀመጠና ጠመኔ አንስቶ «በሩን ዝጊ። ማንም እንዳይገባ» ብሎ ጻፈ። ጽሑፉ እንደ ወትሮው የሚያምር ነበር። የመታው ስትሮክ እጁን አልነካውም። የነካው የፊቱን ግራ ጎን፣ ግራ እግሩን በመጠኑ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምላሱን ነው።

ሕመምተኛ ያለበት ቤት በሩን ሲዘጋ ምን እንደሚባል እኛ ሰፈር ያደገ ሰው ያውቃል። ሕመምተኛ ይጠየቃል። ጠያቂ ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣል፣ «እግዜር ይማርህ» ይላል፣ ሕመምተኛው «አሜን» ይላል፣ ከዚያ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ይወራል። የሚጠበቅብህ አሜን ማለት ብቻ ነው። አባቴ ደግሞ አሜን ማለት አልቻለም። ሲሞክር የሚወጣው አንድ የተልፈሰፈሰ ድምፅ ነበር፤ በከንፈሩ ግራ ጥግ በኩል ምራቅ ይወርዳል። ዕድሜውን ሙሉ የሰው አፍ ሲያርም የኖረ ሰው ያንን ድምፅ ለጎረቤት ከማሰማት ሞትን የሚመርጥ ይመስለኛል።

ሐኪሟ ስትሸኘን የነገረችኝ ግልጽ ነበር። «ምላሳቸው አልሞተም፣ ደክሟል። በእነዚህ ወራት ካላሠሩት ግን እንደ ደከመ ሊቀር ይችላል። ከሰው ጋር ያውሩ» ብላኛለች። እኔ የፈራሁት ይህንን ነው። ሰሌዳ ታቅፎ፣ በር ዘግቶ፣ ሰው ሳያይ የሚያረጅ አባት እንዳይኖረኝ ፈራሁ። በፍርሃቴ ደግሞ እቆጣለሁ፤ ይሄ ከልጅነቴ ጀምሮ ያለብኝ ጠባይ ነው።

አባቴ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። ጡረታ ከወጣም በኋላ ጌጃ ሰፈር በነበረው ቤታችን ሳሎን ውስጥ የሰፈሩን ልጆች ያስጠና ነበር። ሰዋስው ሌሎችም ያስተምራሉ። የእሱ ነገር አናባቢ ነበር። «ተነባቢ ለማስተማር ጠመኔ ይበቃል፤ አናባቢን ግን በጠመኔ ማሳየት አይቻልም፤ አፍ ነው የሚያሳየው» ይል ነበር። ስለዚህ አፉን ያሳያል። መንጋጋውን ጣል፣ ከንፈሩን ሞጥሞጥ፣ ገልፈጥ እያደረገ ያን ሁሉ ልጅ ያስቃል። ከሳቁ በኋላ ትንሽ የእጅ መስታወት ከኪሱ አውጥቶ ለተማሪዎቹ ያዞራል። እያንዳንዱ ልጅ የገዛ አፉን እያየ ድምፅ ያወጣል። እኔ ያንን መስታወት እጠላው ነበር። በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ያለች ልጅ በወንዶች ፊት አፏን ከፍታ መስታወት ስታይ ምን እንደሚሰማት አባቴ ገብቶት አያውቅም።

ትምህርቱን የሚጀምረው «አፍ ታክሲ ነው» ብሎ ነው። ሰሌዳው ላይ ከጎን የሚታይ ሚኒባስ ይስላል። ጋቢናው ጥርሳችን ጋ ነው፣ የመጨረሻው ወንበር ጉሮሯችን ጋ። ተሳፋሪዎቹ አናባቢዎች ናቸው። ምላስ ወደ ፊት ስትገፋ የሚወጡት፣ የእኛን ኢና ኤ የሚመስሉት፣ የጋቢና ተሳፋሪዎች ናቸው። ምላስ ወደ ኋላ ስትሰበሰብ የሚወጡት፣ ኡና ኦን የሚመስሉት፣ የኋላ ወንበር ናቸው፤ አብዛኞቹም ከንፈራቸውን ያሞጠሙጣሉ። ቀጥሎ ከፍታ አለ። ምላስ ወደ ላንቃ ከተጠጋች ተሳፋሪው ቆሟል፣ ራሱ ጣሪያ ሊነካ ነው። መንጋጋ ወርዶ አፍ ከተከፈተ ደግሞ ተሳፋሪው ትራፊክ እንዳያየው ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሏል። አንድን አናባቢ ለመለየት የሚጠይቀን እነዚህን ነበር፦ ፊት ነው ኋላ? ቆሟል ወይስ ቁጢጥ ብሏል? ከንፈሩ ሞጥሙጧል ወይስ ተዘርግቷል? ለጎበዞች አንድ ይጨምራል፦ ሩቅ ይሄዳል ወይስ ቶሎ ይወርዳል? ረጅም ነው አጭር ማለቱ ነው።

«የእንግሊዝ በግና የእንግሊዝ መርከብ፣ ሺይፕና ሺፕ፣ የሚለያዩት እዚህ ጋ ነው» ይላል። «ሁለቱም ጋቢና ናቸው። በግ ከፍ ብሎ ሩቅ ይሄዳል። መርከብ ዝቅ ብሎ ቶሎ ይወርዳል። እናንተ ግን ሁለቱን አንድ ወንበር ላይ ታነባብሯቸዋላችሁ።»

ተሳፍረው ዝም ብለው የማይቀመጡም አሉ። ጥንድ አናባቢዎች ይላቸዋል። አንድ ቦታ ተነስተው ሌላ ቦታ ይወርዳሉ። ስምንት ሲሆኑ መድረሻቸው ሦስት ብቻ ነው፤ ወደ ጋቢና የሚያልፉ፣ ወደ ኋላ ወንበር የሚያልፉና መሃል ላይ የሚቀሩ። ይህን ሲያስተምር እንደ ታክሲ ረዳት በመስኮት ወጣ ብሎ «ከልደታ ተክለ ሃይማኖት» እያለ ይጣራ ነበር። «ልደታ ላይ አፍህን በደንብ ክፈት። ተክለ ሃይማኖት ስትደርስ ጥርስህን አሳየኝ። መንገድ ላይ አትውረድ» ይላል። ልጁ አፉን ከፍቶ ይጀምርና ጥርሱን አሳይቶ ይጨርሳል፤ የወጣው ድምፅ «አይ» የሚለው ነው። ብዙ የሰፈራችን ልጆች ይህን ድምፅ የሚያስታውሱት በሁለቱ ቤተ ክርስቲያኖች መካከል እንዳለ መንገድ ነው።

ከሁሉም የሚወደው ግን ረዳቱን ነበር። በእንግሊዝኛ በብዛት የሚነገረው አናባቢ የራሱ ፊደል የለውም። አፍ ሳይከፈትም ሳይዘጋም፣ ምላስ ሳትደክም፣ መሃል ላይ ኧ ብሎ የሚያልፍ አጭር ድምፅ ነው። «ይሄ ረዳቱ ነው» ይላል አባቴ፣ የታክሲው ስዕል መሃል ላይ ጎንበስ ያለ ሰው እየጨመረ። «ወንበር የለውም። ማንም ቢነሳ በእሱ ቦታ ይቆማል። አምስቱም ፊደሎች ሲደክማቸው እሱን ይልኩታል።» እኛ ይህን ድምፅ አጥተነው አይደለም ይል ነበር። በገዛ ቋንቋችን ከለ እስከ ፐ ስንቆጥር ስናወጣው ነው የምንውለው። ችግሩ እንግሊዝኛ ስናነብ የተጻፈውን ሁሉ አምነን መጥራታችን ነው። የእኛ ፊደል የተጻፈውን ስለሚል የሰውም እንደዚያ ይመስለናል።

ለዚህ ነው አጻጻፉን በመጨረሻ የሚያስተምረው። «ሃያ ድምፅ፣ አምስት ፊደል» ይላል። «አምስት ወንበር ላይ ሃያ ሰው ጭነው ነው የሚሄዱት፤ ትርፍ መጫን የጀመሩት እነሱ ናቸው።» ኤ የምትባለዋ አንድ ፊደል በእንግሊዝኛው ድመት ውስጥ አንድ ድምፅ፣ ኬክ ውስጥ ሌላ፣ መኪና ውስጥ ሌላ፣ ኳስ ውስጥ ደግሞ ሌላ ትሆናለች። ከዚያ በቃል መጨረሻ ላይ የምትቀመጠዋ ኢ አለች። ኬክ መጨረሻ ላይ አለች፣ ስም መጨረሻ ላይ አለች፣ ግን ትንፍሽ አትልም። እሷ ዝም ብላ ስለተቀመጠች ከፊቷ ያለው አናባቢ ይለወጣል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ይናደዱ ነበር። «ካልተናገረች ለምን ትጻፋለች?» ይላሉ። አባቴ «ዝም ያለ ሰው ቤት ውስጥ ምንም የማይሠራ ይመስልሃል?» ብሎ ይመልሳል።

ይህን መልሱን ከሆስፒታል ከተመለሰ በኋላ ደጋግሜ አስታወስኩት። እሱ ዝም ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የእኔ ድምፅ ግን ረዘመ። ስጮህ እውላለሁ። «ሾርባው ቀዘቀዘ»፣ «መድኃኒትህን ዋጥ»፣ «ለምን አትሞክርም»። እሱ ሰሌዳው ላይ «አትጩኺ፤ ጆሮዬ ደህና ነው» ብሎ ይጽፍልኛል።

የንግግር ሕክምና የምትሠራው ወጣት ሴት በሳምንት አንዴ ቤት ትመጣ ነበር፤ እሷንም ያስገባኋት በግድ ነው። ትሁት ልጅ ናት። በመጀመሪያው ቀን ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና ትንሽ መስታወት ከቦርሳዋ አወጣች። «አባባ፣ አሁን አብረን ኢ እንላለን፣ ፈገግ ብለን። ከዚያ ኡ እንላለን፣ ከንፈራችንን ሞጥሞጥ አድርገን። ኢ፣ ኡ። ኢ፣ ኡ» አለችው። አባቴ መስታወቱን አየ። እሷን አየ። ሰሌዳውን አንስቶ «ይሄን እኔ ነኝ የማስተምረው» ብሎ ጻፈ። ልጅቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ለእሱ ግን ቀልድ አልነበረም። መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ በአፉ ደፋው፤ መስታወቱን ትታለት እስክትሄድም ቀና ብሎ አላያትም።

እኔ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ካሉት የትርጉም ቤቶች በአንዱ እሠራለሁ። የልደት የምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ውል፣ የውክልና ሰነድ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። እንግሊዝኛዬ ማኅተም የሚመታበት ነው። ስናገረው ግን አባቴ ጆሮውን ይይዛል። «ያንቺ የዓይን እንግሊዝኛ ነው፤ አፍሽ ጋ አልደረሰም» ይለኝ ነበር። እኔም ሰነድ እንደማያወራ እነግረዋለሁ። ሥራዬ ቅርብ ስለሆነ በምሳ ሰዓት እየመጣሁ አየዋለሁ። አንድ ቀን ስመጣ ደረጃው ላይ ሐጂን አገኘኋቸው።

ሐጂ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ የአባቴ የድሮ ጓደኛ ናቸው። ጌጃ ሰፈር ግድግዳ ተጋርተን ኖረናል። ልጆቻቸውን ሁሉ አባቴ ነው ያስጠናው። በጉልበታቸው ሕመም ሦስት ፎቅ ወጥተው፣ በሩን አንኳኩተው፣ የሚከፍትላቸው አጥተው፣ ሙዛቸውን በሩ ላይ አንጠልጥለው ሲወርዱ ነው ያገኘኋቸው።

«ተኝቶ ይሆናል» አልኩ አፍሬ።

«ልጄ፣ ሰው ይሄን ያህል አይተኛም» አሉኝ። «ምን አጠፋሁ? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

«እርስዎ ምንም አላጠፉም። ሰው እንዲያየው አይፈልግም።»

«ሰው እኔ ነኝ?» ብለው ወረዱ።

በዚያ ቀን ወደ ቤት የገባሁት በንዴት ነው። ቁልፌን ወረወርኩ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ ድሮ በካርቶን የሠራውን የአናባቢዎች ታክሲ አወረድኩና ፊቱ አስቀመጥኩት። «እሺ፣ አንተ ካልተናገርክ እኔ አስተምራለሁ» አልኩት። ከጋቢና ጀምሬ እየጠቆምኩ ማንበብ ጀመርኩ። ብልሃት መሥራቴ አልነበረም፤ እንደዚያ ብዬ ብናገር ደስ ይለኝ ነበር። በእልህ ነው ያነበብኩት፤ ድምፆቹንም በእውነት አላውቃቸውም። በግንና መርከብን አንድ ወንበር ላይ አነባበርኳቸው። ረዳቱን እንደ ሹም ወንበር ሰጥቼ አስቀመጥኩት። ጥንዶቹ ሁሉ መንገድ ላይ ወረዱብኝ።

አባቴ መጀመሪያ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ጠመኔ አነሳና «አይደለም» ብሎ ጻፈ። ቀጠልኩ። «ዝቅ» ብሎ ጻፈ። ዝቅ አደረግኩ፣ አልሆነም። «ከንፈር» ብሎ ጻፈ። ከንፈሬን አሞጠሞጥኩ፣ ጭራሽ ተበላሸ። ሰሌዳውን እያጠፋ እየጻፈ እጁ ነጭ ሆነ። እኔ ደግሞ አላቆምኩም፤ ንዴቴ ገና አልወጣልኝም ነበር። በመጨረሻ ጠመኔውን ጣለው፣ አገጬን በሁለት ጣቱ ያዘና መንጋጋዬን ወደ ታች ጎተተው። የራሱንም አፍ ከፈተ። «አ» አለ። የተልፈሰፈሰ፣ ወደ ግራ የተጣመመ፣ ግን ረጅም አ።

ሁለታችንም ደነገጥን። እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔም ሳህን ላጥብ ብዬ ተነሳሁ፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበርና ሳህን የማጥበው እንዲመስል ፈልጌ ነው።

ከዚያ በኋላ በምሳ ሰዓት ታክሲው ይነሳል። እሱ አስተማሪ፣ እኔ ሰነፍ ተማሪ። መስታወቱን ቀና አደረገው። ወለሉ ላይ ቁጢጥ የሚሉት ቀለሉት፤ አፍ መክፈት ብቻ ነው። ረዳቱም ቶሎ መጣ፤ ምንም ጉልበት አይጠይቅማ። የከበደው የኋላ ወንበር ነበር። ኡ ለማለት ከንፈር ዙሪያውን መሰብሰብ አለበት፤ የእሱ ግራ ጎን ግን አይሰበሰብም፤ አየሩ በዚያ በኩል ያመልጣል። በጣቱ ግራ ከንፈሩን ገፍቶ ይይዝና «ኡ» ይላል። ጣቱን ሲለቀው ድምፁ ይፈርሳል። እንደገና ይይዛል። ልጅቷ በሳምንቱ ስትመጣ የሠራውን አይታ «አባባ፣ ይሄን ማን አሳየዎት?» አለች። አባቴ ወደ እኔ ጠቆመ፤ ከዚያ ሰሌዳው ላይ «እሷም ገና ትማራለች» ብሎ ጨመረበት።

ደስ ብሎኝ ነበር፤ ግን ደስታዬ ጎዶሎ ነበር። እንግሊዝኛውን ያወጣዋል፤ አማርኛ ግን ትንፍሽ አይልም። አንዷን ምሳ ሰዓት ሙሉ ከጋቢና እስከ ኋላ ወንበር ሲጮህ ይቆይና ውሃ ሲጠማው ሰሌዳ ያነሳል። «ውሃ በለኛ» እለዋለሁ። አይልም። በሩም እንደ ተዘጋ ነው። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ እንዲነግረኝ ያዝኩት። «በእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። በአማርኛ በሽተኛ ነኝ» ብሎ ጻፈ። ሐጂ ደረጃው ላይ ያሉኝን ነገርኩት። ጽሑፉን አጠፋው።

የቅዳሜው ነገር የሆነው ከዚህ በኋላ ነው። አንደኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው እናቱ አረፉ። ሰውየውን በሰላምታ ብቻ ነው የምናውቀው። ጠዋት ከሕንፃችን ሥር ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ። ጌጃ ሰፈር ሲፈርስ ሰዉ ቢበታተንም ዕድራችን አልፈረሰም፤ ብዙዎቹ አባሎች እዚሁ አካባቢ ናቸው። ከእነሱ አንዱ በታክሲ ሲያልፍ ድንኳኑን ያያል። በቲቸር ሕንፃ ሥር፤ ዕድሩ አባቴን የሚጠራው እንዲህ ነው። ቲቸር ሆስፒታል ገብቶ ወጥቷል፣ ከወጣ ወዲህ በሩ ተዘግቷል፣ ያየው ሰው የለም፣ ስልኩም አይነሳም፤ ስልኩን ያጠፋሁት እሱ አዞኝ ነው። ሞተ ወይ ብሎ ደውሎ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው። ድንኳን ካየህ ነጠላህን ዘቅዝቀህ ትመጣለህ። አንዱ ለአንዱ ነገረ፤ ሰዓትም አልፈጀም።

ልብስ እያጠብኩ ነበር። ለቅሶው ከደረጃው ሲሰማ የሟቿ ዘመዶች መስለውኝ ነበር። አንደኛ ፎቅን አለፈ። ሁለተኛን አለፈ። ድምፁን ያኔ ለየሁት። የዕድራችን ዋና አልቃሽ የነበሩት፣ ከአባቴ ጋር አብረው ያረጁት የጓሮ ጎረቤታችን ናቸው። ድንኳኑ ሳይገቡ ቀጥታ እኔን ሊያስተዛዝኑ ወጥተው በራችን ላይ እየጮኹ ነው።

«ለልጆቻችን አንደበት የሰጠኸው፣ አንደበትህን ማን ዘጋው? በር ዘግተህ ምነው ሳትሰናበተን ሄድክ?»

ከኋላቸው ሌሎቹ ሴቶች ተቀበሉ። አባቴን አየሁት። ወንበሩ ላይ፣ መስታወቱን እንደ ያዘ፣ የገዛ ለቅሶውን እየሰማ ነው። መጀመሪያ የሚስቅ መሰለኝ፤ የፊቱ ቀኝ ጎን ፈገግ ማለት ጀምሮ ነበር። ከዚያ ሙሾው ስለ ሳሎናችን፣ ስለ መስታወቱ፣ አንድ ሳንቲም ሳይቀበል ስላስጠናቸው ልጆች ሲቀጥል ፈገግታው ጠፋ። ሰሌዳውን ያነሳል ብዬ ጠበቅኩ። አላነሳም። በአገጩ ወደ በሩ ጠቆመኝ።

ከፈትኩት። ኮሪደሩ እስከ ደረጃው ድረስ ሰው ነው። ሴቶቹ እያለቀሱ ገቡ፣ ገብተው ወንበሩ ላይ አባቴን አዩት፣ ለቅሶው ተቋረጠ። አንዷ አማተበች። ከኋላ ሐጂ ሰዉን በትከሻቸው እየገፉ መጡና ፊቱ ቆሙ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ቲቸር» አሉ። «አለህ እንዴ?»

አባቴ አፉን ከፈተ። ለብዙ ሳምንት አብሬው ስለተማርኩ እያንዳንዱን ወንበር አውቀው ነበር። መንጋጋው ወረደ። ረዳቱ መሃል ላይ አለፈ። ለመጨረሻው ጣቱን አንስቶ ግራ ከንፈሩን ገፍቶ ያዘ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

«አለሁ» አለ።

ሐጂ ጆሯቸውን ወደ እሱ አስጠጉ። «አልሰማሁም፣ ድገመው» አሉት፤ አባቴ ልጆቻቸውን ያስደግም የነበረው እንደዚያ ነው።

«አለሁ።»

አልቃሿ ጎረቤታችን ቀድመው ወደ ራሳቸው ተመለሱና ነጠላቸውን አቃንተው ተቆጡ። «ታዲያ ምነው በር ዘጋህብን? እኔን በዚህ ዕድሜዬ ሦስት ፎቅ አስለቅሰህ ታወጣኛለህ?»

«አፌ» አለ አባቴ። ቆመ፤ ምራቁን በመሀረብ ጠረገ። «አፌ ተጣሞ… አፈርኩ።»

«እኛ አንተን እንጂ አፍህን ልንጠይቅ መጣን?» አሉትና አሁን የእውነት አለቀሱ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ይዘውት የመጡት ለቅሶ መውጫ ይፈልግ ስለነበር ጥሩ አድርገው ነው ያለቀሱት። እኔም ከእነሱ ጋር አለቀስኩ፤ በዚያን ጊዜ ሳህን አላስፈለገኝም።

ከዚያ አንድ በአንድ «እግዜር ይማርህ» እያሉት አለፉ፤ ለእያንዳንዳቸው «አሜን» አለ። ሐጂ በመጨረሻ «አላህ ያሽርህ» አሉት። አባቴ ለእሳቸው ድሮም የሚመልሰው «አሚን» ብሎ ነበር። ጥርሱን ለመግለጥ ጉንጩን እያስገደደ፣ ያችን አንዲት ድምፅ ከፍ ወዳለው የጋቢና ወንበር ለማውጣት ሲታገል አየሁት። ለማያውቅ ሰው አሜኑና አሚኑ አንድ ዓይነት ነበር የሚመስሉት። ሐጂ ግን እጁን ይዘው ረጅም ጊዜ አልለቀቁትም።

ስለ ድንኳኑ ያስታወሰን እሱ ነው። ሰዉ ተረጋግቶ መቀመጥ ሲጀምር ወደ ታች ጠቆመና «የማን… ነው?» አለ። ነገርኩት። ኮቱንና ከዘራውን አምጪ አለኝ፤ በአፉ ነው ያለኝ። ከሆስፒታል ከመጣ ወዲህ ደረጃውን ወርዶ አያውቅም። ሐጂ በአንድ ጎን፣ እኔ በሌላው ይዘነው፣ የዕድሩ ሰዎች ከኋላችን እየተከተሉ ወረድን። ብዙ ጊዜ ፈጀ።

ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ለማያውቁት ሰው ይህ ሁሉ ለቀስተኛ መምጣቱ ገርሟቸው ብድግ ብድግ አሉ። አባቴ እናቱ የሞቱበት ሰውዬ ጋ ደርሶ ቆመ። መስታወቱ ኪሱ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ አላወጣውም። ጣቱንም ወደ ከንፈሩ አልወሰደም። «እግዜር ያጥናህ» አለው። አናባቢዎቹ አንዳቸውም ቦታቸው ላይ አልነበሩም። ሰውየው «አሜን፣ ቲቸር» ብሎ ወንበር ሳበለት። አባቴ ተቀመጠ፤ ያለውንም አላረመም።